ከራስ ጋር የሚስማማ ግብ ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች ማስተርስ ጀመሩ እንበል። የትምህርት ክፍላቸው አንድ ነው። ሁለቱም በሁለት ዓመት ጨርሰው ለመመረቅ አቅደዋል። ወረቀት ላይ ሲታይ በግባቸው መካከል ምንም ልዩነት የለም። አንደኛዋ ግን የገባችው ለዓመታት ስታሰላስለው ለኖረችው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ሌላኛው ጓደኞቹ ሁሉ ሲማሩ እሱ ወደኋላ የቀረ ስለመሰለው ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለቱም እኩል ይተጋሉ። ልዩነቱ የሚወጣው መመረቂያ ጽሑፉ አልንቀሳቀስ ሲል፣ አማካሪው ያንኑ ምዕራፍ ደጋግሞ ሲመልሰው ነው።

ከራስ ጋር የሚስማማ ግብ የሚባለው የመጀመሪያዋ ዓይነት ነው። ሰው ከልቡ ከሚያምንበት እሴት ወይም ከልቡ ከሚወደው ነገር የመነጨ ግብ ማለት ነው። ሐሳቡን በዚህ መልክ ያዋቀሩት ኬነን ሼልደንና አንድሩ ኤሊዮት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። ሞዴላቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መሠረቱ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ቀደም ብለው የገነቡት የራስ ውሳኔ ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው ሦስት የሥነ ልቦና ፍላጎቶች አሉት። የሚያደርገውን ወዶና ፈቅዶ ማድረግ ይፈልጋል። የያዘውን ነገር እንደሚችለው ማየት ይፈልጋል። ከሌሎች ሰዎች ጋር መተሳሰርም ይፈልጋል። ከራስ ጋር የሚስማማ ግብ እነዚህን ፍላጎቶች ሊመግብ የሚችል ግብ ነው።

ስለ ግብ የሚሰጠው አብዛኛው ምክር ግን ሌላ ነገር ላይ ያተኩራል። ግቡ ግልጽ ይሁን፣ የሚለካ ይሁን፣ ቀን ይቆረጥለት ይባላል። ስማርት የሚባለውን ዘዴ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ዘዴ በጆርጅ ዶራን አጭር ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የተጻፈው ደግሞ ለድርጅት ኃላፊዎች ነበር። ኃላፊው ለሠራተኞቹ ግብ ሲያወጣ፣ ሥራው የማን ድርሻ እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ በግልጽ እንዲያስቀምጥ ነው። ዘዴው ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው። የኤድዊን ሎክና የጋሪ ላታም የረጅም ዘመን ምርምርም ግልጽና ፈታኝ ግብ «የቻልከውን አድርግ» ከሚለው ልቅ መመሪያ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አሳይቷል። እነሱም ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። ሰውየው ለግቡ ከልቡ ሲቆርጥ ነው ይህ የሚሠራው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንዘለው ጥያቄ የሚመጣው። ይህ ግብ የማን ነው?

ሼልደንና ኤሊዮት ጥያቄውን በምርምር የሚጠይቁበት መንገድ ቀላል ነው። ተሳታፊው የራሱን ግቦች ይዘረዝራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግብ አራት ምክንያቶች ይቀርቡለታል፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚመለከተው ደረጃ ይሰጣል። የመጀመሪያው ምክንያት የውጭ ግፊት ነው። ሰው ስለሚፈልግብኝ፣ ሽልማት ስላለው፣ ባላደርገው ስለምቀጣ። ሁለተኛው ሐፍረትና ጸጸት ነው። ባላደርገው ራሴን ስለምንቅ። ሦስተኛው እምነት ነው። አስፈላጊ ነው ብዬ ስለተቀበልኩት። አራተኛው ፍቅር ነው። ስሠራው ደስ ስለሚለኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተደምረው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀነሱላቸዋል። የሚቀረው ቁጥር ግቡ ከሰውየው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ያሳያል።

ከአራቱ ውስጥ ሁለተኛው በጣም የሚያታልል ይመስለኛል። የውጭ ግፊትን ማወቅ አይከብድም። አለቃው፣ ቤተሰቡ፣ ደመወዙ ፊት ለፊት ይታያሉ። ሐፍረት ግን ከውስጥ ነው የሚናገረው። ድምፁ የራሳችን ድምፅ ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ቤት ሊኖረኝ ይገባ ነበር» የሚል ሰው ማንም አላስገደደውም። ሐሳቡን ራሱ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ግቡ የራሱ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቤት የመፈለግ ጉጉት የለም። ያለው ንጽጽር ነው። አንድ ቦታ የሰማው የሰው ፍርድ ውስጡ ገብቶ መኖሪያ አግኝቷል።

ሦስተኛውም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከራስ ጋር የሚስማማ ግብ ሲባል ሁልጊዜ ደስ የሚል ግብ የሚመስለው ሰው አለ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የታመመ ወላጅ ማስታመም፣ ሱስ መተው፣ ለረጅም ፈተና መዘጋጀት ሁሉ ከዚህ ውጭ በሆኑ ነበር። ማንም ሌሊት ተነስቶ መድኃኒት ማጠጣት አያስደስተውም። ግን «እናቴ ናት፣ እዚህ መሆን የምፈልገው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ሥራው ቢያደክመውም የራሱ ነው። ድካምና መስማማት አብረው ይኖራሉ። በተቃራኒው ደግሞ ምቹ ሆኖ ባዶ የሚያደርግ ግብ አለ።

ይህ ሁሉ ለውጤቱ ምን ለውጥ ያመጣል? ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ጽናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ሰዎች በግፊት ለያዙት ግብም መጀመሪያ ላይ ጠንክረው ለመሥራት እንደሚያቅዱ አይተዋል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ጥረቱ ይቀንሳል። በራሳቸው እምነትና ፍቅር የያዙት ግብ ላይ ግን ጥረቱ ይቆያል። ብዙ ሰው አዲስ ዓመት ላይ ቃል ገብቶ ወዲያው ሲተወው ራሱን ሰነፍ ይላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ያለቀው ግቡ መጀመሪያውኑ የሰው ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። በ1999ኙ ሞዴል መሠረት ከራስ ጋር የማይስማማ ግብ ቢሳካ እንኳ የሚያመጣው እርካታ ትንሽ ነው። ሰውየው ለፍቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ የፈለገው ቦታ ይደርሳል። እንኳን ደስ አለህ ይባላል። ትንሽ ቆይቶ «እና ምን?» የሚል ስሜት ይመጣል። ይህን ስሜት ብዙ ሰው አመስጋኝ አለመሆን አድርጎ ይወስደዋል፤ ስለዚህ በሌላ ትልቅ ግብ ሊሸፍነው ይሞክራል። ያ ግብ ደግሞ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ከሆነ ዑደቱ ይቀጥላል።

ግቡን ከእሴት ጋር ለማስማማት መጀመሪያ እሴቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ግብ ያልቃል፣ እሴት አያልቅም። መጽሐፍ ጽፎ መጨረስ ይቻላል፤ እውነተኛ መሆንን ጨርሶ ምልክት ማድረግ አይቻልም። የተለመደው ዘዴ ረጅም የቃላት ዝርዝር ተሰጥቶን አምስት እንድንመርጥ ነው። ለእኔ ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም። ሁሉም ሰው ቤተሰብ፣ ጤና፣ ሐቀኝነት ይላል። ማን አይልም? ሻሎም ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ከ20 አገሮች በሰበሰበው መረጃ ላይ ተመሥርቶ አሥር መሠረታዊ እሴቶችን በክብ አስቀምጧቸዋል። ጎረቤት የሆኑት ይደጋገፋሉ፤ ፊት ለፊት የቆሙት ይጋጫሉ። ለምሳሌ ሥልጣንና ስኬት ለሰው ከማሰብ ተቃራኒ ናቸው። ራስን ችሎ መወሰንና አዲስ ነገር መሞከር ከደህንነትና ከልማድ ተቃራኒ ናቸው። ሁሉም እሴቶች ሁላችንም ውስጥ አሉ። ሰውን ከሰው የሚለየው የትኛውን እንደሚያስቀድም ነው።

ስለዚህ እሴታችሁን ለማወቅ ሁለት ጥሩ ነገሮች የተጋጩበትን ጊዜ ብታስታውሱ ይሻላል። የተሻለ ደመወዝና ነፃ ጊዜ ሲጋጩ የቱን መረጣችሁ? እውነቱን መናገርና ሰላም ማስጠበቅ ሲጋጩስ? ከምርጫው በኋላ ምን ተሰማችሁ? ያስቆጫችሁ ምርጫ ብዙ ይናገራል። የሚያናድዳችሁ ነገርም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲዋረድ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው ለክብር የሚሰጠው ቦታ ከየትኛውም መጠይቅ በላይ ግልጽ ነው።

የሕይወት ዓላማ የሚባለውስ? ዊሊያም ዴመንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የሰጡት ትርጓሜ ጥሩ ነው። ዓላማ ለራስ ትርጉም ያለውን፣ ከራስ አልፎ ለዓለምም የሚጠቅምን ነገር ለማሳካት የሚያዝ ጽኑ ሐሳብ ነው ይላሉ። በዚህ ላይ የማክለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓላማዬን እስካገኝ ብሎ ግብ ሳይዙ መቀመጥ አይጠቅምም። ዓላማ ተቀምጦ ከማሰብ ይልቅ በትንንሽ ግቦች ውስጥ እየተገለጠ ይመጣል። የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት የጀመረ ሰው ከጊዜ በኋላ ማስተማር ጥሪው እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል። እንዳልሆነም ሊያውቅ ይችላል፤ ያም ራሱ ዕውቀት ነው።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ይህ ሁሉ «ራስ፣ ራስ» ማለት ለግለኝነት የቀረበ አይደለም ወይ? ቤተሰብና ማኅበረሰብ ትልቅ ቦታ ባላቸው ባህሎች ውስጥ ይሠራል? ሼልደንና ባልደረቦቹ ይህንኑ ለማየት አሜሪካን፣ ቻይናን፣ ደቡብ ኮሪያንና ታይዋንን አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። በአራቱም ቦታ ከራስ ጋር የሚስማማ ግብ ያላቸው ሰዎች በሕይወታቸው የተሻለ እርካታ ነበራቸው። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። «የራሴ» ማለት «ብቻዬን ያወጣሁት» ማለት አይደለም። አባት ለልጁ የሰጠው ምኞት ልጁ አምኖበት ከተቀበለው የልጁ ነው። ሰው ብቻውን ያወጣው ግብ ደግሞ ከሐፍረት የመጣ ከሆነ የራሱ ላይሆን ይችላል። ሐሳቡ ከማን እንደመጣ ብቻ አይበቃም። ዛሬ በምን ምክንያት እንደያዝነው ነው የሚወስነው።

ይህን ለመፈተን አንድ ጥያቄ እወዳለሁ። ይህን ግብ ባሳካው፣ ግን ማንም ባያውቅ፣ አሁንም እፈልገዋለሁ? መልሱ ቶሎ «አዎ» ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። «ታዲያ ምን ጥቅም አለው?» ከሆነ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጥያቄው ለሁሉም ግብ አይሠራም። ለምሳሌ መድረክ ላይ መዝፈን የሚፈልግ ሰው አድማጭ ያስፈልገዋል። ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ሐፍረትን ከፍቅር ይለያል።

ፈተናውን የወደቀ ግብ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ምክንያቱ ሲቀየር ይድናል። ሰው እንዳይስቅብኝ ብሎ ክብደት መቀነስ የጀመረ ሰው ከልጁ ጋር ሳይደክም መሮጥ እንደሚፈልግ ሊደርስበት ይችላል። ግቡ ያው ነው፤ ግን አሁን ያኮረፈበትን ሰውነት ለመቅጣት ሳይሆን ለመንከባከብ ይሠራል። አንዳንዱ ግብ ግን ምንም ቢደረግ የራስ አይሆንም። እሱን መተው ሽንፈት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። ካርስተን ሮሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ሊደረስበት የማይችልን ግብ መልቀቅና ሌላ ትርጉም ያለው ግብ መያዝ የሚችሉ ሰዎች የተሻለ የአእምሮ ደህንነት እንዳላቸው አሳይተዋል። መልቀቅ ብቻ ሳይሆን ሌላ መያዙም አስፈላጊ ነው።

መርጦ መጣል የማይቻልባቸው ግቦችም አሉ። የቤት ኪራይ መከፈል አለበት። የማንወደው ሥራ ዛሬ ሊተው አይችልም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላለ ሰው «የምትወደውን ተከተል» ማለት ግፍ ነው። የሚቻለው ሥራውን ከሚያምንበት አንድ ነገር ጋር በሐቅ ማገናኘት ነው። ልጆቼ እንዲማሩ ነው የምሠራው ማለት ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም እምነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የራስ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንኳ ቢሆን ለሚወደው ነገር ቦታ መከለል ይችላል።

የራስ የሆነ ግብ መያዝ ብቻውን ግን አያደርስም። ሪቻርድ ኮስትነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት ሰዎች ከራሳቸው ጋር የሚስማማ ግብ ሲይዙና በዚያ ላይ ዝርዝር ዕቅድ ሲጨምሩበት የተሻለ ይራመዳሉ። ዕቅዱ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ዓይነት ነው፤ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል። መጻፍ የምትፈልጉ ከሆነ «በዚህ ዓመት ብዙ እጽፋለሁ» ብላችሁ አታቁሙ። «ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ» በሉ። ሰዓቱና ቦታው አስቀድሞ ከተወሰነ፣ የደከማችሁ ቀን ላይ እንደገና ከራሳችሁ ጋር መከራከር አያስፈልጋችሁም።