ማሽን ቪዥን ምንድን ነው? ከሰፌድ እስከ ከለር ሶርተር

ጅማ ውስጥ ቡና ከመቆላቱ በፊት ይለቀማል። ሰፌዱ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ወሬው ይቀጥላል፣ እጅ ግን ሥራውን አይረሳም። ጥቁሯ ፍሬ ትወጣለች። ሰባራዋ ትወጣለች። ነቀዝ የበሳትም ትወጣለች። የጓደኛዬ እናት ሲለቅሙ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ሰፌዱን የሚያዩት አይመስሉም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ «መቼ ነው የምታገባው?» ይሉኛል። መልስ ፍለጋ አንገቴን እስካክ ድረስ ጣታቸው ሦስት ጥቁር ፍሬ አውጥቶ ጨርሷል።

ይህንን ሥራ ለማሽን መስጠት ነው ማሽን ቪዥን ማለት። ካሜራ ያያል፣ ኮምፒውተር ይፈርዳል፣ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ፍርዱን ይፈጽማል። ሱቅ ደጃፍ የተሰቀለው የጥበቃ ካሜራም ያያል፤ ግን ሌባው ሲገባ ምንም አያደርግም፣ ቀርጾ ያስቀምጣል። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ካሜራ ግን «ይሄ ይለፍ፣ ያ ይውጣ» የሚል ውሳኔ ማውጣት አለበት፤ ያውም ቶሎ። በአማርኛ «የማሽን እይታ» የሚሉት አሉ። እኔ ማሽን ቪዥን ማለቱን መርጫለሁ። «እይታ» ሲባል ማሽኑ አስተያየት ሊሰጥ የተጋበዘ ይመስላል።

ጅማና አካባቢዋ ላለ ሰው ነገሩን በቅርብ የሚያሳየው ከለር ሶርተር የሚባለው፣ ፍሬን በቀለሙ የሚለይ ማሽን ነው። «ሶርቴክስ» የሚሉትም አሉ፤ እሱ የአንድ ብራንድ ስም ነው፣ እንደ ብዙ ብራንድ የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። ከውጭ ሲታይ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ የሚንጫጫ ብረት ነው። ከላይ ቋት አለው። ከቋቱ ሥር የሚንቀጠቀጥ ሳህን አለ፤ ቡናውን ክምር ሳይሆን ስስ አድርጎ ይበትነዋል። ከዚያ ቡናው ዘንበል ባለ አሸንዳ ላይ ተንሸራቶ ወደ ባዶ አየር ይወረወራል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ፍሬው ከአሸንዳው ሲወጣ በሰከንድ 3 ሜትር ይፈጥናል እንበል። በአንድ ሺኛ ሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። ካሜራው እንደ ስልካችን ሙሉ ፎቶ አያነሳም። አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚያነበው፤ ግን ደጋግሞ ነው። በሰከንድ 10 ሺ መስመር ካነበበ፣ 9 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ፍሬ ፊቱ እስክታልፍ 30 መስመር ይወስዳል። ኮምፒውተሩ መስመሮቹን ገጣጥሞ የፍሬዋን መልክ ይሠራል፣ ይፈርዳል። ከካሜራው 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የአየር ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ፍሬዋ እዚያ ለመድረስ የአንድ ሰከንድ ሃያኛው ክፍል ይበቃታል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያለው ጊዜ እንኳ ከዚህ ይረዝማል። በዚያች ቅጽበት የትክክለኛው ቀዳዳ መክፈቻ፣ ቫልቩ፣ ይከፈታል፣ እፍ ይላል፣ ጥቁሯ ፍሬ ከመንገዷ ወጥታ ሌላ ከረጢት ውስጥ ትገባለች። የቀሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ማሽኑ ሲጮህ የምትሰሙት «ጠጠጠጠ» የእነዚህ ቫልቮች ድምፅ ነው።

ካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን የሚቀበል ቺፕ የራሱ ታሪክ አለው። ሲሲዲ የሚባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የፈለሰፉት ዊላርድ ቦይል እና ጆርጅ ስሚዝ ናቸው። በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። አሁን ሲሞስ የሚባለው ሌላው ዓይነት በብዛት ቦታውን ወስዶታል፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለውም እሱ ነው።

ሰው ስለ ማሽን ቪዥን ሲያወራ ካሜራ ካሜራ ይላል። እኔ ደግሞ መብራት እላለሁ። የምለው ከደረሰብኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ኤሌክትሪካል የተማረ ጓደኛዬና እኔ የራሳችንን ቡና ለቃሚ ልንሠራ ተነሳን። ርካሽ ዌብካም፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኦፕን ሲቪ የሚባለው ምስል የሚያነብ ነፃ ሶፍትዌር፣ እና ከእናቱ የተዋስነው ሰፌድ። ኪሎ ቡናውን ከሂርማታ ገበያ ገዛን። ሰፌዱን መስኮት አጠገብ አደረግነው። ሕጉ ቀላል ነበር፤ ድምቀቱ ከአንድ ከመረጥነው ቁጥር በታች የሆነ ነገር ሁሉ «መጥፎ» ይባል። ጠዋት ላይ ሠራ! ጥቁር ፍሬዎቹ ላይ ቀይ ክብ ሲወጣ ተጨባበጥን። ከሰዓት በኋላ የጅማ ሰማይ እንደ ልማዱ ደመና አመጣ። ክፍሉ ጨለም አለ። ስክሪኑ በቀይ ክብ ተሞላ። ግማሹ ሰፌድ መጥፎ ቡና ሆኖ አረፈው። የሰፌዱ ስፌት ጥላ ሳይቀር ፍሬ ተብሎ ተቆጠረ።

እናቱ መጥተው አዩን። «ምን ሆናችሁ?» አሉ። ነገርናቸው። «ታዲያ መብራቱ ነው እንጂ የጠፋው ቡናው ምን አደረገ?» ብለው አምፖሉን አበሩልን። ቀጥለው አንዷን ፍሬ አነሱና ገለበጧት። ከላይ ደህና የነበረችው ፍሬ በስንጥቋ በኩል ጠቁራለች። «ይሄንንስ አይቶታል?» አላየውም።

በኋላ ስመለከት ፋብሪካ የሚሠሩትም ከእኚህ እናት ብዙ የራቀ ነገር የላቸውም። ከለር ሶርተር ውስጥ የውጭ ብርሃን አይገባም፤ የራሱን የኤልኢዲ መብራት ከየአቅጣጫው ያበራል፣ ጥላ እንዳይኖር። ካሜራውም ከፊትና ከኋላ ነው፤ ፍሬዋ በአየር ላይ እያለች ሁለቱም ፊቷ ይታያል። ቡናው የሚያልፍበት የጀርባ ሰሌዳም ዝም ብሎ የተቀባ አይደለም። ድምቀቱ ከጥሩ ፍሬ ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል። ያኔ ጥሩዋ ፍሬ ከጀርባዋ ጋር ትመሳሰልና «ትጠፋለች»፤ ጎልታ የምትታየው መጥፎዋ ብቻ ናት። ይሄ ብልሃት በጣም ደስ ይለኛል።

መብራት ሲባል ደግሞ እኛ የምናየው ብቻ አይደለም። ከቀይ በታች ያለው ብርሃን (ኢንፍራሬድ) ቀለማቸው ከቡና የሚመሳሰል ድንጋይና ፕላስቲክ ይለያል። አልትራቫዮሌት ሲበራ ደግሞ አለቅጥ የተብላላ ፍሬ ያበራል። በተራ ብርሃን ሰፌድ ላይ ይህን ማየት ለማንም ለቃሚ የሚቻል አይደለም፤ እዚህ ላይ ማሽኑ ይበልጠናል።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። «ጅማ 5» የሚለውን ስም የማያውቅ የቡና ነጋዴ የለም። ቁጥሯ የደረጃ ቁጥር ናት። ለረጅም ጊዜ በሠራው አከፋፈል ከ300 ግራም ናሙና ውስጥ እንከን ይቆጠራል፤ ከ0 እስከ 3 ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 12 ደረጃ 2፣ ከ13 እስከ 25 ደረጃ 3፣ ከ26 እስከ 45 ደረጃ 4፣ ከ46 እስከ 100 ደግሞ ደረጃ 5። የከተማችን ስም ዓለም ላይ የዞረው ከዚች 5 ቁጥር ጋር ተጣብቆ ነው። ያናድዳል፣ ግን እንለፈው።

አንድ ፍሬ 0.15 ግራም ግድም ናት ብንል፣ 300 ግራም ውስጥ 2 ሺ ፍሬ አለ። 60 ኪሎ ጆንያ ውስጥ ደግሞ 400 ሺ። ከመቶ 5 መጥፎ ቢሆን 20 ሺ መጥፎ ፍሬ አለን። ማሽኑ ከመቶ መጥፎ 99ኙን ይይዛል እንበል። 200 አመለጡት። ይህ በናሙናው 2 ሺ ፍሬ ውስጥ አንድ ፍሬ ገደማ ነው። በጣም ጥሩ!

ግን ማሽኑ ጥሩውንም ይሳሳታል። ከ380 ሺ ጥሩ ፍሬ ከመቶ 1 ብቻ ቢጥል 3,800 ፍሬ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ ጥሩ ቡና ከአንድ ጆንያ ወደ ቆሻሻ ሄደ። በዚህ ላይ ደግሞ የአየሩ እፍታ አለ። አየሩ ጥቁሯን ሲመታ ጎረቤቷንም ይዟት ይሄዳል። ለዚህ ነው የተጣለው ቡና ተመልሶ ሁለተኛ እንዲያልፍ የሚደረገው። ኦፕሬተሩ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቁጥር ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ጥብቅ ካደረገ ጥሩው ይባክናል፤ ላላ ካደረገ መጥፎው ያልፋል። ሁለቱንም በአንዴ የሚያስደስት ቁጥር የለም። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው የቡናው ዋጋና ገዢው እንጂ ካሜራው አይደለም።

ደግሞም እንከን ሁሉ እኩል አይደለም። በዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ (ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቡና አቆጣጠር አንድ ሙሉ ጥቁር ፍሬ ብቻዋን አንድ እንከን ናት፤ ሰባራ ግን አምስት ሆነው ነው አንድ የሚባሉት። «ከጠቆረ ይውጣ» የሚለው የእኛ የዌብካም ሕግ ለጥቁሯ ይበቃ ይሆናል። ሰባራዋና የተበሳችዋ ቀለማቸው ደህና ነው፤ ችግራቸው ቅርጽና ቀዳዳ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ወደ መማር የሄዱት ለዚህ ነው። ሕግ አይጻፍላቸውም። በሺ የሚቆጠር ፎቶ ይሰጣቸዋል፤ «ይቺ ጥሩ፣ ይቺ የተበሳች፣ ይቺ ጥሬ»። ልዩነቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ፎቶዎቹ ላይ ስሙን የሚጽፈው ግን ሰው ነው። ሁለት ለቃሚዎች በአንዲት ፍሬ ካልተስማሙ፣ ጭቅጭቁን ማሽኑ ይወርሰዋል።

እዚህ ላይ ጅማን የሚመለከት አንድ ወጥመድ አለ። የታጠበ ቡና አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ያልታጠበው ስስ ሽፋኑ ላዩ ላይ ስለሚቀር ወደ ቢጫና ቀይ ያዘነብላል። በታጠበ ቡና የተለማመደ ማሽን ላይ ያልታጠበ የጅማ ቡና ብትለቁበት ጥሩውን ሁሉ እፍ እፍ ሲል ይውላል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የሰለጠነበት ቡና ሌላ ስለሆነ ነው።

ሌላው ኢንዱስትሪም መሠረቱ አንድ ነው። የቢራና የለስላሳ መስመር ላይ ካሜራ ክዳኑ መግባቱንና ፈሳሹ እስከ ልኩ መሞላቱን ያያል። ልብስ ስፌት ላይ የጨርቅ ቀዳዳና የተሳሳተ ክር ይፈልጋል። መድኃኒት ላይ ያልታተመ ቀን። ሁሉም ዘንድ መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ ካሜራ፣ ከዚያ ፍርድ፣ ከዚያ የሚገፋ ክንድ ወይም እፍታ።

ማሽኑ የሚያየው ግን ላይ ላዩን ነው። አፈር ላይ ማስጣት፣ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ መክተት፣ እነዚህ ሲኒ ላይ የሚወጡ ጥፋቶች ናቸው። አፈር አፈር የሚለው ቡና መልኩ ያማረ ሊሆን ይችላል። ካሜራው «ይለፍ» ይለዋል። በማድረቂያ አልጋ ላይ ያላሰጣችሁትን ቡና ማሽን አያሰጣላችሁም።

ለቃሚ ሴቶቹስ? ሥራቸውን ይቀንስባቸዋል፤ ይሄን መካድ አልችልም። ብዙ ቦታ ግን ከማሽኑ በኋላም ማሽኑን ያመለጠውን ለመያዝ የሚለቅሙ አሉ። ዓይናቸው ማሽኑ የሚማርበት ዓይን መሆኑን አስቦ የሚከፍላቸው ቢገኝ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

አንድ ሰው መጥቶ ከለር ሶርተር ልሽጥላችሁ ቢል፣ እሱ ይዞት በመጣው ናሙና እንዲያሳያችሁ አትፍቀዱ። የራሳችሁን መጥፎ ጆንያ ስጡት። መስተዋቱ ላይ አቧራ ሲያርፍ ማን እንደሚጠርገው፣ አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር በክረምት እርጥበት ውኃ ሲቋጥር ቫልቩ ምን እንደሚሆን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማስተካከያው እንደነበረ መቆየቱን ጠይቁት። ከዚያ ወደ ጥሩው ቡና አትሂዱ። የተጣለውን ከረጢት ክፈቱ፣ ሰፌድ አምጡ፣ ስንት ጥሩ ፍሬ እንደሄደባችሁ ቁጠሩ።