«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፤ መጨረሻውንስ ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የምንለው ብዙ ጊዜ ልጁ ሲወለድ አይደለም። አድጎ ጠባዩ ወይም ዕድሉ ከስሙ ጋር ሲገጥም ነው። ኃይሌ የተባለ ልጅ አድጎ በአትላንታም በሲድኒም ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያመጣ፣ «ወይ ጉድ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል!» ይባላል። ለሹፈትም ትሆናለች። ትዕግሥቱ የሚባል ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲደነፋ ካያችሁ ይህችኑ ጣል ማድረግ ነው።

ሐሳቡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አለ። በሉቃስ ወንጌል መልአኩ ገብርኤል ዘካርያስን ልጅህን ዮሐንስ በለው ይለዋል። ዘመድና ጎረቤት ግን በአባቱ ስም ዘካርያስ እንበለው ብሎ ተነሣ። አንደበቱ የተያዘው አባት ሰሌዳ አስመጥቶ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። ዘመድ በስም መጨቃጨቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ጭቅጭቁ ወደ ስሙ መጨረሻ ወርዷል። ለወንድ ልጅ ስም የሚፈልጉ ወላጆች «በኤል የሚያልቅ ይሁን» ይላሉ፤ ናትናኤል፣ ሳሙኤል፣ ዳንኤል። ለጆሮ ደስ ይላል። ውጭ አገር ለሚያድግ ልጅም አስተማሪው አይቸገርበትም። ኤል በዕብራይስጥ አምላክ ነውና ትርጉምም አለው። እኔን የሚከነክነኝ ድምፁ ብቻ ተፈልጎ የተገጣጠመው ነው። ከኤል በፊት ያለው ምን እንደሆነ ብትጠይቁ አባትየውም አያውቅ።

የአማርኛ ስም መጨረሻ ብዙ ይናገራል። ከበደ ላይ «ች» ስትጨምሩ ከበደች ትመጣለች። ጥላሁንና ተስፋሁን ላይ ያለው «ሁን» ልጁን ያዛል፣ ይመርቃልም። ካሳሁን ሲሆን ብዙ ጊዜ ከፊቱ የሞተ ልጅ አለ። ደምሰው የሚል ቤት ጠላት አለበት፤ ግዛቸው ሲሉ ደግሞ ጠላቱ በዝቷል።

«ሁ» ስትመጣ ግን ተናጋሪው ወላጁ ራሱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ልጃቸውን አለማየሁ አሉት፤ ዓለም አየሁ፣ ደስታ አየሁ እንደማለት። መቅደላ በፈረንጆቹ 1868 ስትወድቅ ልጁ 7 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞቱ። እሱም በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ላይ አረፈ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ዓለም አየሁ ያለው አባት ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ ያየው ልጁ ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን መልአክ ነው ያወጣው ለማለት አፍ አይደፍርም።

ደግሞ የተጨነቃችሁበትን መጨረሻ ሰፈር ይቆርጠዋል። ናትናኤል ናቲ፣ ጌታቸው ጌች፣ ዳንኤል ዳኒ ይሆናል። ሙሉው የሚቀረው መታወቂያና ዲፕሎማ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ የአባት ስም ይከተለዋል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱን አንድ ላይ ጮክ ብላችሁ ጥሯቸው። በላቸው የሚባል አባት ልጁን ግዛቸው ካለው፣ «ግዛቸው በላቸው!» ተብሎ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ተማሪው አቤት ይበል ወይስ ይዝመት?