ይምርሐነ ክርስቶስ፦ በላሊበላ ስም የተሸፈነው ደብር

ወሎ ውስጥ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ ላሊበላ ይሄዳል። አይፈረድም። ግን እዚያው ላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ደብር አለ። ስለ እሱ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ቅዱስ ላሊበላ ያሠራው ነው»

አይደለም። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ክህነትንና ንግሥናን አስተባብሮ የያዘ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅድስና ማዕረግ ካደረሰቻቸው አራቱ የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። ደብሩም ከ11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አይቆጠርም።

«እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈለ ነው»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ዋሻው የተፈጥሮ ነው፤ ቤቱ ግን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በሰው እጅ የታነጸ ነው። ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ በላዩ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ ደግሞ እንጨት፣ ደግሞ ድንጋይ። አንዱ ረድፍ ወጣ ይላል፣ አንዱ ገባ ይላል። የአክሱም ግንበኞች ስልት ነው፤ ደብረ ዳሞም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል። ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገባዋል፤ እዚያ ጠራቢዎቹ ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ ከአንድ ወጥ ዓለት ቀርጸው አውጥተውታል። ስለዚህ የላሊበላን ጥበብ በደንብ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው እዚህ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ውስጥ ስትገቡ ቀና በሉና ጣሪያውን ተመልከቱ። እንጨቱ ላይ የሠፈረው ጌጥ ቶሎ አያስወጣም።

«ዋሻ ስለሆነ የቆመው ደረቅ ዓለት ላይ ነው»

ከሥሩ ያለው ረግረግ ነው። መሠረቱ በረግረጉ ላይ በተነጠፈ እንጨት እንደተጣለ ይነገራል። ወለሉ ላይ ባለች ትንሽ ክፍተት እጁን የሰደደ እርጥቡን አፈር ይነካዋል።

«ከኋላ ያለው አጽም ለጎብኚ የሚታይ ነው»

ይህ ያሳዝነኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብዙ አስከሬን አለ። የደብሩ ትውፊት፣ ከሩቅ አገር ጭምር መጥተው እዚሁ ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይላል። ቦታው መቃብር ነው። እዚያ ቆሞ ሰልፊ መነሳት ነውር ነው።

«አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ደግሞም በእግር ካልሆነ አይደረስም»

መኪና እስከ ተራራው ሥር ይገባል። ከዚያ በጽድ ዛፎቹ መሐል አጭር ዳገት ነው። አገልግሎቱም አልተቋረጠም፦ ይቀደስበታል፣ ጥቅምት 19 ደግሞ የንጉሡ መታሰቢያ በዓል ይከበራል። መሄድ የምትችሉ ለበዓሉ ድረሱ።