የፕሮስቴቲክስና ኦርቶቲክስ አገልግሎት ምንድን ነው? (እግር ማደል አይደለም)

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። «ይህን ያህል ሰዎች የሰው ሠራሽ እግር አገልግሎት አገኙ» የሚል ዜና ነው፤ ከሥሩ የተደረደሩ እግሮች ፎቶ አለ። ዝርዝሩን ሳነብ አገልግሎት የተባለው የአንድ ሳምንት ዘመቻ ሆኖ አገኘሁት። ለክተው፣ ገጥመው፣ ፎቶ ተነስተው ሄደዋል። አሁንስ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ፕሮስቴሲስ የጎደለውን አካል እንደሚተካ፣ ኦርቶሲስ ደግሞ ያለውን እንደሚደግፍ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። በነገራችን ላይ ብዙ ቦታ ፈላጊው የሚበዛው ኦርቶሲሱ ነው። ፎቶ ላይ ስለማያምር ነው መሰለኝ የሚያወራለት የለም።

አገልግሎት ማለት ዕቃው ብቻ አይደለም። ከዕቃው በፊትና በኋላ ያለው ሥራ፣ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች፣ ደመወዛቸውም ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚህ ዘርፍ ያወጣው መስፈርት ጉዳዩን በአራት ይከፍለዋል፦ ፖሊሲ፣ ምርት፣ የሰው ኃይልና የአገልግሎት አሰጣጥ። ዕቃው ከአራቱ አንዱ ነው። ዜና ላይ ግን አራቱንም ጠቅልሎ ይመጣል።

እግር የማስረከቢያው ቀን ሠርግ ነው። ይለበሳል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። ትዳሩ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት የቀሪው እግር እብጠት ይጎድላል፤ ልክ የነበረው ሶኬት፣ ማለትም ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል፣ ይሰፋል። ካልሲ ይደረባል፤ ቆይቶ ካልሲውም አይበቃም። ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ብሎኑ ይላላል። ያጋቡት ሰዎች ግን ድግሱ እንዳበቃ ተሳፍረዋል። ምሳሌውን ካነሳሁት አይቀር ልለጥጠው፦ በዚህ ትዳር አዋቂው በየጥቂት ዓመቱ፣ ልጅ ደግሞ እያደገ ስለሚሄድ በየዓመቱ ገደማ እንደገና መዳር አለበት። ያውም ባልና ሚስቱ ሳይጣሉ!

«መፍትሔው ቴክኖሎጂ ነው፤ በስካነር ለክቶ በ3ዲ ፕሪንተር ማተም ነው፤ ባለሙያ ምን ያደርጋል?» ያለ ሰው አለ። ብዙ ሰውም ተስማምቶለታል። ወንድሜ፣ ስካነር የሚያነበው ቅርጽ ነው። ሶኬት የእግሩ ቅርጽ ኮፒ ቢሆን ኖሮ እኔም ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር።

ከጉልበት በታች የተቆረጠን እግር እንውሰድ። ሶኬቱ የሚሠራው በጄሶ ተለክቶ በወጣ ሞዴል ላይ ነው፤ ሞዴሉ ግን እንዳለ አይሠራበትም። ባለሙያው ከጉልበት ሎሚ ሥር ባለው ጅማት ላይ ሶኬቱ እንዲጫን ጄሶውን ይፍቃል፤ ጫና የሚችል ቦታ ነው። በውጭ በኩል ባለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ላይ ግን ጄሶ ይጨምራል። እዚያ ጋ ነርቭ ያልፋል፤ ሶኬቱ እንዲጫነው አይፈለግም። ክብደቱ የት ይረፍ፣ የት አይንካ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። በሞረድ ተሠራ በኮምፒውተር፣ ውሳኔው ያው ነው። ፕሪንተር ጠላቴ አይደለም፤ የታተመ ሶኬት ስንት ጊዜ ተረግጦ ይችላል የሚለው ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ሶኬቱ ካለቀ በኋላ አሰላለፉ፣ ማለትም ሶኬቱና ከሥሩ ያለው እግር በምን አቅጣጫ እንደሚገጣጠሙ፣ ይመጣል። የሰው ሠራሹ እግር ጣት በኩል ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውየው ሜዳ ላይ ዳገት የሚወጣ ይመስለዋል፤ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ወደ ላይ ካዘነበለ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህ ሰውየው ሲራመድ እየታየ፣ ብሎን በጥቂቱ እየዞረ ይስተካከላል። ከተስተካከለ በኋላም ተረከዙ ከፍ ያለ ሌላ ጫማ ቢያደርግ ነገሩ ይበላሻል። ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

«ካመመህ ንገረኝ» ማለትም አይበቃም። በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩን ያጣ ሰው የቆዳ ስሜቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ቁስል እያለ ምንም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ሶኬቱ ይወልቅና ቆዳው በዓይን ይታያል። መቅላቱ በ10 ደቂቃ ገደማ ካልጠፋ ሶኬቱ ተመልሶ ወደ ወርክሾፕ ይሄዳል።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ክሊኒሺያኑ ተገልጋዩን መርምሮ፣ ለክቶ፣ ገጥሞ ይከታተላል። ቴክኒሺያኑ ዕቃውን ይሠራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ ከ5 እስከ 10 ባለሙያ ያስፈልጋል ያለው ስለ ክሊኒሺያን ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምሮ «ሞልተናል» ማለት ራስን ማታለል ነው። አሥሩም ዋና ከተማ ከተቀመጡ ደግሞ አማካዩ ያምራል፣ ሰዉ ግን አያገኛቸውም።

ክሊኒሺያን በዲግሪ ለማስመረቅ 4 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሕንፃና የፕላስቲክ ማሞቂያ ኦቨን ከዚያ በፊት ይደርሳሉ። ስለዚህ ሪባን ይቆረጣል፣ የሚሠራ ሰው የለም። ተመርቆ ሲመጣም በመዋቅሩ ውስጥ የሥራ መደብ ካልተፈጠረለት በሌላ መደብ ይቀጠራል፤ ወይ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። አገልግሎት እንዘርጋ የሚል ሁሉ ከሕንፃው ንድፍ በፊት መደቡን ቢያስጸድቅ ይሻለዋል።

«ምንም ከማጣት እደላው አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዴ ይሻላል። የተሰጠው እግር እዚያው ካለው ወርክሾፕ መለዋወጫ ጋር የሚገጥም ከሆነና ክትትሉን የሚረከብ ባለሙያ ካለ፣ ይምጣ። ከሌለ ግን ያልተገጣጠመ ሶኬት ቁስል ያመጣል። ስሜቱ የደከመ እግር ላይ ደግሞ ቁስሉ ብሶ እንደገና እስከ መቁረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ ሲመጣ ስንት እግር ይዞ እንደመጣ ከመጠየቅ በፊት በሚቀጥለው ወር ብሎኑን የሚያጠብቀው ማን እንደሆነ ይጠየቅ።