የመንዝ ሴቶችና የሱፍ ሥራ

መንዝ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ ብርዳም ደጋ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ውርጭ አያጣውም። የሴቶቹ ንግድም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከበጉ ጀርባ ነው።

የመንዝ በግ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይፍታታል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ስለ ለስላሳ ሹራብ እያሰበ የመጣ ሰው አንዴ ሲዳስሰው ሐሳቡን ይቀይራል። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ዝተትና በርኖስ የሚሠራው ግን ከዚሁ ነው። በጉ ጥቁርም ቡናማም ነጭም ስላለ ቀለም መግዛት አያስፈልግም።

በልማዱ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጊዜ የሚበላው ፈትሉ ነው፤ ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠራው ግን የተሸመነው ነው። ክሩን ብቻ የሸጠች ሴት ከድካሟ የምታገኘው ትንሽ ነው። በማኅበር መደራጀት ጥቅሙ የሚታየው ለዚህ ነው። ክራቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ለሸማኔው የእጁን ከፍለው፣ ባናውን ራሳቸው ይሸጡታል።

መነሻ ገንዘቡ ከእቁብ ሊመጣ ይችላል። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ለገጠር ሰው በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስትም ስም ከባሏ ጋር መሥፈሩ፣ በመሬቱ ላይ ያላትን መብት ስለሚያሳይ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው የመንዝ ሀብት ጓሳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው ይህ የሣር ምድር የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የማኅበረሰቡ የጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሮ፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ዛሬ ማኅበረሰቡ እንደገና ይጠብቀዋል፤ የእንግዳ ማረፊያም አለው። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ከጓሳ የሚገኝ ገቢ የሚቆየው እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ካለ ብቻ ነው።

ማገዶም ራስ ምታት ነው። ዛፍ ስለሚያንስ ኩበት ይነዳል፣ ማሳውም ፍጉን ያጣል። በየገጠሩ ሴቶች ተደራጅተው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የእንጀራ ምድጃ እየሠሩ የሚሸጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጢሱም ይቀንሳል።

ለባናው ግን ከባዱ ነገር ከፋብሪካ የወጣው ርካሽ ብርድ ልብስ ነው። እሱ በአንድ ቀን ተገዝቶ ይለበሳል። የመንዟ ሴት ግን እንጀራውን ጋግራ፣ ውኃውን ቀድታ፣ ልጆቹን አስተኝታ ነው እንዝርቷን የምታነሣው።