የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል እንዴት ይገመታል?

«ይገባ ይሆን?» የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በዛሬው አሠራር ሦስት ነው። ያልፋል ወይ? የት ይመደባል? የሚፈልገውን ዲፓርትመንትስ ያገኛል? ሦስቱ የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። አንዱን አይቶ ስለ ሌላው የሚተነብይ ዘመድ ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም።

ቀድሞ መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸው ቦታ ይታይና ነጥቡ ይወሰናል። ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ ነጥብ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ የሚወዳደረው ከሌላው ተፈታኝ ጋር ነበር። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ይህን ገለበጠው። በፈተና ስርቆትና በኩረጃ ምክንያት ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ።

ውጤቱ አገር ያስደነገጠ ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ያለፉት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። እየተሻለ ነው፤ ግን አሁንም ከመቶ ከዘጠና በላዩ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 8.4 በመቶ የአገሩ አማካይ እንጂ የአንድ ልጅ ዕድል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በሌላ በኩል ያስፈተኑትን በሙሉ ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የልጁ ትምህርት ቤት ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ነው። የሪፖርት ካርድ ግን ብዙም አይታመንም። በክፍል 92 አማካይ ያላት ልጅ ብሔራዊ ፈተና ላይ ከ600 240 ብታመጣ የሚገረም መምህር ያለ አይመስለኝም።

የተሻለው መለኪያ የቀድሞ ፈተና ነው። ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ ከልጁ መጽሐፍ ጋር የማይሄዱ ጥያቄዎች መዘለል አለባቸው። ከዚያ ድምሩን ማየት ነው፤ ምክንያቱም የሚቆጠረው ድምር ነው። አንድ የናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ተማሪ እንግሊዝኛ 58፣ ሒሳብ 34፣ አፕቲቲውድ 55፣ ፊዚክስ 41፣ ኬሚስትሪ 52፣ ባዮሎጂ 63 አመጣ እንበል። ድምሩ ከ600 303 ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ወድቋል፤ ፈተናውን ግን አልፏል። ሒሳብን ከ34 ወደ 60 ለማድረስ ዓመቱን ከማቃጠል፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ላይ ጥቂት ጥቂት ነጥብ መልቀም ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ያዋጣል።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር እንኳ በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። ከ600 150 መሆኑ ነው። እንግዲህ በልምምድ 35 በመቶ ያመጣ ልጅ «15 ብቻ ቀረኝ» ቢል ራሱን እየሸወደ ነው። ግምቱ ሲቀነስለት በትክክል የሚያውቀው ከመቶ 13 ያህሉን ነው። 50 ለማምጣት ደግሞ ከመቶ 33 ያህሉን ማወቅ አለበት። ርቀቱ 15 ነጥብ አይደለም፤ የሚያውቀውን ከእጥፍ በላይ ማሳደግ ነው።

ከ50 በታች ያመጣ ሁሉ በሩ ተዘጋበት ማለትም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል አለ። ለማለፊያው የቀረበ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ይወስዱና እንደገና ይፈተናሉ። እዚያ ሲያልፉ ፍሬሽማን፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሆናሉ። የሪሜዲያል መቁረጫ ከማለፊያው ይለያል። በየዓመቱ ይወሰናል፤ የጾታ፣ የክልልና የአካል ጉዳት ልዩነት የሚታየውም እዚህ ነው። ያምናው ነጥብ ዘንድሮ ይሠራል ብሎ መደምደም አያዋጣም።

ያለፈ ልጅ ቀጣዩ ጭንቀቱ ምደባ ነው። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ተማሪው በኢንተርኔት ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል። ድልድሉ ውጤትን፣ ምርጫንና ያለውን ቦታ ያያል። ለጤና ችግርና ለመሳሰሉ ጉዳዮች በማስረጃ ልዩ ሁኔታ ይደረጋል። 303 ያመጣው ልጃችን ሐዋሳን፣ ባሕር ዳርንና ጅማን ከላይ ደርድሮ መጠበቅ ይችላል፤ ሁሉም የሚደረድረው እነሱን ስለሆነ ግን ያላሰበው ከተማ ቢደርሰው አይግረመው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ማሰብ ነው የሚያተርፈው።

ከዚህ ድልድል ወጣ ያሉም አሉ። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የናቹራል ተማሪዎችን በራሳቸው መግቢያ ፈተና ይለያሉ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአመልካቾች የራሱን ፈተና ይሰጣል። «ስድስት ኪሎ ካልሆነ» የሚል ልጅ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሌላ ፈተና እንዳለበት ቀድሞ ይወቅ። የማመልከቻ ቀን ሲያልፍ ነው ብዙዎች የሚሰሙት።

ሦስተኛው ጥያቄ ዲፓርትመንት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ገቢው ሁሉ ፍሬሽማን ኮርስ ይወስዳል፤ ምርጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውድድሩ ደግሞ እንደገና ከጓደኛ ጋር ይሆናል። ሜዲስንና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የመሳሰሉት በግቢው ያላቸው ቦታ ውስን ነው። ዋናው የሚታየው ጂፒኤ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው አማካይ ውጤት ነው። በ12ኛ ክፍል 500 አምጥቶ ዶርም ውስጥ ካርታ ሲጫወት የከረመ ልጅ፣ ላይብረሪ ያመሸ ባለ 320 ሜዲስን ሲገባ ቁጭ ብሎ ያያል።