እምነትና ጭንቅላት፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

«ሃይማኖተኛ ሰው ማሰብ ያቆማል» የሚል አለ። «ትንሽ ፊደል ሲቆጥር ፈጣሪውን ረሳ» የሚልም አለ። አራት ኪሎ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ሊሰማ ይችላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በኩርፊያ ያልቃል።

ጥያቄው ግን የካፌ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቢያንስ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃይማኖተኛነትንና የማሰብ ችሎታን በፈተናና በመጠይቅ ሲያነጻጽሩ ኖረዋል። እዚህ የማወራው ምን እንዳገኙና ያገኙት ነገር ለእኛ ከተማ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሁሉም ሰው አማኝ በሆነበት ሰፈር ማመን አለማመን ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም።

ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ሲወጣ መንበረ ፓትርያርኩና ቅድስት ማርያም አሉ። እዚያው አምስት ኪሎ ላይ የድንቅነሽ ቤት የሆነው ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ትንሽ አለፍ ሲባል ዩኒቨርሲቲው ይመጣል። ሙዚየሙ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሲጎበኙ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ማተብ ያሰረው ልጅም ሂጃብ ያደረገችውም ልጅ መስታወቱ ላይ ተጠግተው «3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ወጥተው ደግሞ ማተብ ያሰረው በቅድስት ማርያም በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ ይሳለማል። ማንም ራሱን አልያዘም፣ ማንም ግራ አልተጋባም። ሁለቱን በየኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ አርማው ላይ ያሰፈረው መፈክር «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» ነው፤ ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙን ያዙ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ነው። የአገሪቱ ትልቁ የሳይንስ ቤት «መርምሩ» የሚለውን ትእዛዝ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የወሰደው።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

ብዙ የተወራለት ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ሚሮን ዙከርማን፣ ጆርዳን ሲልበርማንና ጁዲት ሆል የሚባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ 63 ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ አሰሏቸው። በ53ቱ ውስጥ የአይ ኪው (የማሰብ ችሎታ ፈተና) ውጤት ከፍ ሲል ሃይማኖተኛነት ዝቅ ይላል። በ10ሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሕፃናቱን ትተው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የእምነትን ጥንካሬ ብቻ ሲወስዱ አማካይ ተዛምዶው፣ ማለትም ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከዜሮ በታች 0.24 ሆነ። ይቺ ቁጥር ናት በየቦታው «አማኞች ደደቦች መሆናቸው ተረጋገጠ» ተብላ የተዘመረላት።

ቁጥሯን ግን ረጋ ብለን እንያት። ተዛምዶ ከዜሮ እስከ አንድ ነው የሚሄደው፣ በላይም በታችም። 0.24 ማለት በሰዎች መካከል ካለው የሃይማኖተኛነት ልዩነት ውስጥ ከአይ ኪው ጋር አብሮ የሚሄደው ከመቶ ስድስት እጅ ገደማ ነው ማለት ነው። የቀረው 94 ከአስተዳደግ፣ ከአገር፣ ከቤተሰብ፣ ከዕድሜ፣ ከሌላም ከሌላም ነገር ጋር የሚሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ስላወቅህ ብቻ ስለ ጭንቅላቱ የምትገምተው ነገር ከጥንቆላ ብዙም አይሻልም። በዚያ ላይ ጥናቶቹ በአብዛኛው የምዕራቡ ዓለም፣ በተለይም የአሜሪካ ናቸው። ሕፃናት ላይ ግንኙነቱ በጣም ደካማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ ይልቅ በልብ ከማመን ጋር ነው ጠንከር የሚለው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና ቢፈትሹት ግንኙነቱ በአዳዲሶቹ ጥናቶች እየሳሳ እንደመጣ፣ ትምህርትም መሀል ላይ ገብቶ ብዙውን እንደሚያስረዳ አሳዩ። እነ ዙከርማን ደግሞ ዝም አላሉም፤ ጥናቶቹን 83 አድርሰው ተመለሱና ግንኙነቱ አሁንም አለ አሉ። እኔም አለ በሚለው እስማማለሁ። ትንሽ መሆኑን ግን ሰው ሲያወራ ይዘለዋል።

ምክንያቱስ?

ሦስት ማብራሪያዎች ቀርበዋል። አንደኛው፣ ፈጣን ጭንቅላት ያለው ሰው ከመንጋው ጋር መሄድ አይወድም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሃይማኖት የሚሰጠውን ራስን መግዛትና መረጋጋት የመሳሰለ ነገር እንዲህ ያለው ሰው በሌላ መንገድ ያገኘዋል ይላል። ሦስተኛው ስለ አስተሳሰብ ዓይነት ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ይቺን ጥያቄ ሞክሯት። ደብተርና እስክሪብቶ በአንድ ላይ 110 ብር ናቸው። ደብተሩ ከእስክሪብቶው በ100 ብር ይበልጣል። እስክሪብቶው ስንት ብር ነው?

«10» ብላችሁ ከሆነ ብዙ ሰው ከጎናችሁ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። እስክሪብቶው 10 ብር ከሆነ ደብተሩ 110 ነው፤ ድምሩ 120 ይመጣል። መልሱ 5 ነው። ሼን ፍሬድሪክ የሚባል ተመራማሪ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ፈተና ውስጥ ያለችው ጥያቄ በቤዝቦል ዱላና ኳስ የተሠራች ብትሆንም ተንኮሏ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ብልጭ የሚለውን መልስ ገታ አድርጎ እንደገና የሚያሰላውን ሰው ለማግኘት ነው። በ2012 የወጡ ጥናቶች እንዲህ ቆም ብለው የሚያስቡ ሰዎች በአማካይ እምነታቸው ላላ ያለ ሆኖ እንዳገኟቸው ዘገቡ።

እዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ ግን ነገሩ ተጋነነ። በዚያው ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ሰዎች የሮዳንን «አሳቢው» የተባለ ሐውልት ፎቶ እንዲያዩ ተደረገና እምነታቸው ቀነሰ ተባለ። ፎቶ አይተው! በ2017 ሌሎች በብዙ ሰው ላይ ቢደግሙት ምንም አልተገኘም። ከመጀመሪያው ጥናት አዘጋጆች አንዱ የነበረው ዊል ጀርቬ ራሱ ሙከራው ደካማ እንደነበር አምኗል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ይኸው ሰው በ2018 ከሌሎች ጋር በ13 አገሮች ሲያጠና ቆም ብሎ ማሰብና አለማመን አብረው የሚሄዱት በአንዳንዱ አገር ብቻ ሆኖ አገኘው። በአጠቃላይም ግንኙነቱ ደካማና ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ነው።

የአገሮች ንጽጽርም አለ። በ2009 እነ ሪቻርድ ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች የ137 አገሮችን አማካይ አይ ኪው ከማያምኑ ሰዎች ቁጥር ጋር አነጻጽረው 0.60 የሚያህል ተዛምዶ አገኘን አሉ። ትልቅ ቁጥር ነው፣ አይካድም። ግን የአገሮቹ አይ ኪው ከየት መጣ? ሊንና ባልደረባው በ2002 ባወጡት ሰንጠረዥ ላይ ኢትዮጵያ 63 ተሰጥቷታል። የተፈተኑት አዲስ አበባ ወይም ጎጃም ያሉ ተማሪዎች አልነበሩም፤ ወደ እስራኤል ከሄዱ ብዙም ያልቆዩ የቤተ እስራኤል ልጆች ናቸው። አገር ለቅቀው፣ ቋንቋ እየለመዱ፣ የማያውቁት ዓይነት ፈተና ፊት ተቀምጠው ያመጡት ውጤት የአንድ ሙሉ አገር ጭንቅላት ሆኖ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ የቆመ ድምዳሜ ለሙግት እንኳ አይበቃም።

ወደ እኛ ሲመጣ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። የቀረው ከሁለት በመቶ በታች ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ደግሞ 98 በመቶው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ሃይማኖት በሕይወቱ በጣም ትልቅ ቦታ እንዳለው ሲናገር፣ 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብሏል። በሩሲያ በየሳምንቱ የሚሄደው 6 በመቶ ነው። እንግዲህ እዚህ ጎበዙም ሰነፉም፣ ቀለሜውም አራዳውም አማኝ ነው። ልዩነት የሌለበትን ነገር ከምን ጋር ታዛምደዋለህ?

ደግሞም ለረጅም ዘመን የጭንቅላት ሥራ የሚሠራበት ቤት ራሱ የሃይማኖት ቤት ነበር። ቅኔ ቤትን እንውሰድ። ተማሪው ከየኔታ መንገዱን ይቀበልና ራቅ ብሎ ብቻውን ይቀመጣል፣ ቅኔ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ከሆነ ሁለት ቤት (ስንኝ)፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። ቋንቋው ማንም አፍ ያልፈታበት ግዕዝ ነው፤ ሰዋስውም ዜማም መጠበቅ አለበት፣ ሰሙ ሌላ ወርቁ ሌላ መሆን አለበት፣ ታሪኩ ከመጽሐፍ መገጠም አለበት። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። አንድ ቃል ከተሰበረ እዚያው ይታረማል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፣ የትናንቱን ደግሞ ማምጣትም አይሆንም፤ በየቀኑ አዲስ። የንባብና የዜማ ቤት ብዙው ሽምደዳ ነው፣ እውነት ነው፤ ዳዊት በቃል ነው የሚያዘው። ቅኔን ግን ሽምደዳ ማለት ግፍ ነው። በአማርኛ የብልጠት ወሬ ሲነሳ ማን ነው መጀመሪያ የሚጠራው? አለቃ ገብረ ሐና። ካህን።

መርካቶ አንዋር መስጊድ በኩል ያለው ባህልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጁ ቁርዓን በቃሉ ይይዛል፤ የገፋበት ደረሳ ኪታብ ተምሮ ወደ ዐረብኛ ሰዋስውና ወደ ሕግ ክርክር ይገባል።

ይህን ስል ሁሉ ነገር ተፈቅዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ብልሃቱ የሚጫወተው አጥር ግቢ ውስጥ ነው። ቅኔው የፈለገውን ያህል ይራቀቅ፣ ዶግማው አይነካም። አጥሩን ነካ የሚያደርገው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰው የተሰጠውን ልቡና ተጠቅሞ ይመርምር የሚለው ፈጣሪን ሳይክድ፣ እንዲያውም እየጸለየ ነው። ጽሑፉ የኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ሙግት ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካነሳው ወዲህ እስካሁን ሊቃውንትን ያናክሳል።

ዘመናዊው ትምህርትም በሃይማኖት በር ነው የገባው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ስለ እምነቱ ሰጉ። መላው የተገኘው መምህራኑን ከግብፅ ኮፕቶች በማምጣት ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ደግሞ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ሉስየን ማት ናቸው። ጃንሆይ ካቶሊክነትን እንዳይሰብኩ አድርገው ሥራ ሰጧቸው።

ከዚያ 1960ዎቹ መጡ። ስድስት ኪሎ ማርክስ ይነበብ ጀመር። ያኔ አለመጸለይ የተራማጅ ምልክት ሆነ፣ የሚጸልየው አድኃሪ ተባለ። ለኔ ጥናቶቹ ላይ ካሉት ማብራሪያዎች አንዱ እዚህ ጋ ነው የሚወላገደው። ብልህ ሰው ከመንጋው ስለሚለይ አያምንም ይሉናል፤ እዚያ ግቢ ግን አለማመኑ ራሱ መንጋው ነበር። ለመለየት የፈለገ ቅዳሴ መሄድ ነበረበት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ዛሬ የግቢ ጉባኤው፣ ፌሎሺፑና ጀመዓው በተማሪ የተሞላ ነው፣ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የሚማረውን ቀለሜም እዚያው ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳልዘለው። እኛ ዘንድ እምነትና ብልህነት የሚገናኙበት ሌላ መንገድም አለ፦ ጭንቅላት ይሰጣል፣ ይከፈታል ብሎ ማመን። ለቅኔ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል የሚባለው ከዕፀዋት የሚዘጋጀው አብሾ የታወቀ ነው፤ የጠጣ ሰው አልኮል ከቀመሰ ያብዳል ስለሚባል መጠጥ ቤት የሚረብሽ ሁሉ «አብሾ አለበት» ይባላል። የሚሞክር ካለ ይተወው፣ መርዝ ያለበት ዕፅ ብዙ ነው። ከተሜው ደግሞ በፀበል፣ በስእለትና በዱዓ ነው የሚሄደው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ፒያሳ ጊዮርጊስ ሻማ የያዘችውን እናት ማየት ነው። ልጇ ደብተሩን ሳይቀር በፀበል ያስነካል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጸሎት ያልተደረገለት ልጅ ግን ከመሀላቸው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ላለፈውም ለወደቀውም እኩል ተለምኗል። ስለዚህ ከውጤቱ በኋላ የተነሳው ጭቅጭቅ ስለ እምነት አልነበረም። ስለ መምህር፣ ስለ መጽሐፍ እጥረትና ቀደም ባሉት ዓመታት ስለተለመደው የፈተና ስርቆት ነበር።